የኑሩ ተራ

ስሞቹን ቀይሬአለሁ። ግቢው ጉርድ ሾላ አካባቢ ነው ከማለት በቀር የቱ ጋ እንደሆነም አልናገርም። የቀረውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ያኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነበር የምኖረው። ከሆሳዕና የመጣሁ፣ ጸጋ የምባል የጴንጤ ልጅ ነኝ። ምላሴ ከእጄ ይፈጥናል ይሉኛል፣ እጄም ቀርፋፋ አይደለም። የተከራየሁት በጋሽ ይማም ግቢ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ነበር። ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ መጥተው፣ ጉርድ ሾላ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ እዚያው ወልደው እዚያው አረጁ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ዘሃራ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ አብራቸው የምትኖር ናት። ኑሩ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። እኔና ዘሃራ ወዲያው እህትማማች ሆንን። ጋሽ ይማም ግን መጀመሪያ ላይ አልወደዱኝም። «ውሃ ታበዛለች፣ መብራት አታጠፋም፣ ቀን ከሌት ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጠች ነው» ይሉ ነበር። ሐሰት አልተናገሩም።

ያስታረቀን ጠያራው ነው።

ጠያራው ድሮ ጋሽ ይማም በሱቃቸው በር ላይ አቁመውት የነበረ፣ የሰው ቁመት ያለው የጌም ማሽን ነው። ከታች አንዲት ትንሽ መንኮራኩር አለች። ከላይ በረድፍ የተሰለፉ ጉዶች ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያሉ ይወርዳሉ። ታች ሳይደርሱ ተኩሶ መጨረስ ነው። የሰፈሩ ልጆች መንኮራኩሯን ጠያራ አሏት፣ ማሽኑም በዚያው ስም ተጠራ። ለአንድ ተጫዋች ሦስት ነፍስ ይሰጣል። ልጆቹ ሳንቲም ሲያጡ ከጋራዥ የለቀሙትን የብሎን ሮንዴላ ሞርደው ያስገቡ ነበር። ጋሽ ይማም ማታ ማሽኑን ሲከፍቱ ግማሹ ሮንዴላ ሆኖ ያገኙታል። ይህን ሲያወሩ እንደመቆጣት ይሉና ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ኋላ ሱቁ ለመንገድ ሲነሳ ማሽኑ ግቢ ውስጥ ክረምት ወረደበት፣ መጨረሻ ላይም ቆራሌው ወሰደው።

ይህን የነገሩኝ አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው።

«እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ጠያራውን። ብራውዘር ውስጥ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዘሃራ ዜና የምታይበት፣ ኢንተርኔት የምትከፍትበት።»

«እዚያ ውስጥ ይገባል?» አሉና ቁመቱን በእጃቸው ለክተው አሳዩኝ። «ይኼን ያህል ነበር'ኮ!»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁዴን በላው። እኔ ሳሎናቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስጽፍ እሳቸው ከኋላዬ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። «ሲበዙ ይዘገያሉ፣ ሲያልቁ ነው የሚፈጥኑት» ይላሉ። አስተካክላለሁ። «ድምፁ እንደሱ አይደለም። ዱብ፣ ዱብ ነው የሚለው፣ እንደ ልብ» ይላሉ። አስተካክላለሁ። ጉዶቹ በየጨዋታው በተለያየ መልክ እንዲወርዱ አድርጌ ያሳየኋቸው ቀን ግን ተቆጡኝ። «ጠያራው ዕጣ አያወጣም! ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ በቃላቸው ነበር የሚያውቁት» አሉኝ። እሱንም አስተካከልኩ። ሁለት ሰው ሲጫወት ደግሞ እንደ ድሮው ተራ በተራ ነው። አንዱ አንድ ነፍስ እስኪያልቅበት ይጫወታል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። ስህተት ለማደን እንዲመቸኝ፣ ፕሮግራሙ ተጫዋቹ የነካውን ቁልፍ ሁሉ መቼ እንደነካው ይይዛል። አወራረዱ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የተያዘውን መልሼ ብሰጠው ያለቀው ጨዋታ እንዳለ ይደገማል። የተጫዋቹ ጣት ያመነታበት ቦታ እንኳ አይቀርም። ያኔ በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ጋሽ ይማምና ኑሩ በየቀኑ መጫወት ጀመሩ። ከአስር ሰላት በኋላ ኑሩ ሚሌም ይሁን አዋሽ፣ መኪናውን የሆነ ጥላ ሥር ያቆምና በስልኩ ይገባል። ጋሽ ይማም ሳሎን ውስጥ በዘሃራ አሮጌ ላፕቶፕ ይጠብቁታል። በመንገዱ ላይ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር እየተጫወቱ አያወሩም። ጨዋታው ሲያልቅ ነው ኑሩ የሚደውለው። ሰላምታው ግን ቀድሞ ይደርስ ነበር። ተራው ሲደርስ መንኮራኩሯን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ያወዛውዛታል። ጋሽ ይማም «ወአለይኩሙ ሰላም» ይላሉ ለስክሪኑ። ከዚያ ልጅየው አባቱን በነጥብ ይፈጃቸዋል። ለአባቱ እንኳ የማይራራ ሰው ነበር። ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚናገረው «አባዬ፣ ሱቅ መጠበቅና መንዳት አንድ ነው እንዴ?» የሚለውን ነው። ጋሽ ይማም ሰድበውት ይስቃሉ።

በመሀል የጋሽ ይማም ልብ ታመመ። ሆስፒታል ከርመው ታክመው ሲወጡ ሐኪሙ ለዘሃራ «ድንጋጤ እንዳያገኛቸው» ብሎ አስጠነቀቃት። ቤት የገቡ ዕለት እንኳ ጨዋታው አልቀረም። መድኃኒቱ አደንዝዟቸው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ዓይናቸው እየተከደነ ተጫወቱ።

ከዚያ ሳምንታት አልፈው ያ ቀን መጣ።

ያን ቀን ቢሮ አልሄድኩም ነበር። ከምሳ በኋላ ዘሃራ የሰርቪስ ቤቴን በር ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። ነጩ የፋርማሲ ልብሷ አልወለቀም። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ጸጌ፣ ኑሩ የለም» አለችኝ።

«የት ሄደ?» አልኳት እንደ ሞኝ።

መጋረጃዬን ይዛ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው፣ ድምፅ እንዳይወጣት። ያኔ ገባኝ። ከአዋሽ ማዶ መኪናው ተገልብጦ እዚያው ነው ያረፈው። ጓደኞቹ ሹፌሮች ሬሳውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ነው። ቀብሩ ነገ ከዙህር በኋላ እንዲሆን ተነጋግረዋል።

«አባዬ አያውቅም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «አጎቴ ከኮምቦልቻ ተነስቷል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው ነገ በማለዳ ያረዱታል። አንድ ሐኪም ዘመዳችንም ይመጣል። እስከዚያ እንዳይሰማ ብለዋል።»

የእኛን አገር መርዶ ታውቁታላችሁ። ሞትን በስልክ አንናገርም፣ ለብቻውም ላለ ሰው አንናገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ አገር ያውቃል። ከግቢ ወጥቼ መንገዱን ሳይ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ከፊት ለፊታችን ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፁን አጥፍቷል። ሴቶች በራችን ጋ ሲደርሱ በሻሻቸው አፋቸውን እየያዙ ያልፋሉ። ሁልጊዜ የሚጮኹት ልጆች እንኳ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ታችኛው መንገድ ወርደዋል። አንድ ሰፈር ሙሉ ለአንድ ሽማግሌ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም ነበር። የሚያስፈራ ነገር ነው።

ዘሃራ ሁሉንም አስባበት ነበር። ስልካቸውን ቻርጅ ላድርግልህ ብላ ወስዳዋለች፣ ቴሌቪዥኑን ነቅላዋለች። የቀራት አንድ ነገር ነው።

«አስር ሲደርስ ኑሩን ይጠብቃል» አለችኝ። «ካልገባ ስልኬን አምጪ ይለኛል። ይደውላል፣ አይነሳለትም። ያኔ ያውቃል። ብቻውን ሆኖ ያውቃል። ልቡ ይቆማል፣ ጸጌ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«በኑሩ ስም ግቢና አንቺ ተጫወቺ። ለዛሬ ብቻ።»

«ዘሃራ፣ እኔ'ኮ አልችልም!» አልኳት። እውነቴን ነው። ጌሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ግን አልፌ አላውቅም። ጋሽ ይማም በዚህ ይስቁብኝ ነበር። «የኑሩን እጅ ያውቁታል። ሳልጀምር ነው የሚነቁብኝ።»

«አንድ ሌሊት ተኝቶ ይደር ነው የምልሽ። ሌላ አልለምንሽም» አለችና እግሬ ሥር ተንበረከከች።

እኔ ውሸት ስትዋሽ የምትሸማቀቅ፣ እሑድ እሑድ ኳየር የምትዘምር ሴት ነበርኩ። የዘሃራን ጉልበት መሬት ላይ ሳይ ግን ያ ሁሉ ከልቤ ወጣ። እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የኑሩ የድሮ ጨዋታዎች በሙሉ ተይዘው አሉ። አንዱን ብለቀው፣ ስክሪኑ ላይ የሚጫወተው ኑሩ ራሱ ነው። ጣቱ የሱ ነው፣ ማመንታቱም የሱ ነው። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህን ለዘሃራ ስነግራት ፊቷ ላይ የመጣውን ተስፋ አልረሳውም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ፣ የሥራዬ ብልሃት ለቁም ነገር ዋለ ብዬ።

የቱን ልልቀቅ? የሰሞኑን ካሳየኋቸው ያስታውሱታል። ስፈልግ ስፈልግ፣ ከሆስፒታል የወጡ ዕለት የተጫወቱትን አገኘሁ። መድኃኒቱ አደንዝዟቸው ስለነበር ትዝ አይላቸውም አልኩ። ደግሞም ኑሩ ያን ቀን ያመጣው ነጥብ ትንሽ ነው፣ ጋሽ ይማም ዛሬ አሸንፈው ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። እስከ መጨረሻው አላየሁትም። የሞተን ሰው እጅ ቁጭ ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ነጥቡን ብቻ አይቼ መረጥኩት።

አስር አዛን ሲል ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ገባሁ።

ጋሽ ይማም ሰግደው ጨርሰው ምንጣፋቸውን እያጠፉ ነበር። «ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አሉኝ።

«ከቤት ነው የምሠራው ጋሽ ይማም። እዚህ ኔትወርኩ ስለሚሻል ነው።»

«ተቀመጪ። እንዲያውም ያን ባለጌ ሳሸንፈው ታያለሽ» አሉ። ዘሃራ ሾርባ ይዛ ገባች። ፊቷን ታጥባ ኩል ተኩላ ነበር።

ጋሽ ይማም የመጀመሪያ ነፍሳቸውን ተጫወቱ። ጥሩ ተጫወቱ። ዱብ፣ ዱብ የሚለው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ኋላ ተመቱና ተራው ወደ ኑሩ አለፈ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያዘጋጀሁት ነገር ሥራውን ጀመረ።

መንኮራኩሯ ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ ጋሽ ይማም።

ዘሃራ የሾርባውን ሳህን ይዛ ወደ ኩሽና ወጣች። ሮጠች ማለት ይሻላል። ሬሳው በዚያች ሰዓት በመኪና እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጁ ደግሞ እዚህ ፊቴ ይጫወታል። መንኮራኩሯ ወደ ጥጉ ሮጣ ሁለቴ ትተኩሳለች፣ ታመነታለች፣ ትመለሳለች። ልክ እንደሱ። ይህ ልጅ አልሞተም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራሁት የሚል ፍርሃት ያዘኝ። አባቱ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያያሉ። «ጎበዝ! ... አይ፣ እሱን ሳትከው» ይላሉ።

ሁለተኛው ዙር በሰላም አለፈ። ጋሽ ይማም ሦስተኛዋንና የመጨረሻዋን ነፍሳቸውን ተጫውተው ሲጨርሱ በነጥብ እየመሩ ነበር። እጃቸውን አፋተጉ። የቀረችው የኑሩ አንዲት ነፍስ ናት። ሊያልቅልን ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

የኑሩ መንኮራኩር ጥቂት ተጫወተች። ነጥቡ የአባቱን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወደ ግራው ጥግ ሄደችና ቆመች።

አትተኩስም። አትንቀሳቀስም። ከላይ ጥይት ሲወርድ ከጎኗ እያለፈ ይሄዳል፣ እሷ ዝም ብላ ቆማለች። የተበላሸ መስሎኝ የራሴን ስክሪን አየሁ። አልተበላሸም። የተነካ ቁልፍ ስለሌለ ነው። ኑሩ ያን ቀን ጣቱን አንስቶ ነበር።

ጋሽ ይማም አገጫቸውን ከመዳፋቸው አነሱ። ስክሪኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ጭኔ ላይ ያለውን ላፕቶፕም አዩት። ልዘጋው እጄን ስሰድ፣ «አትዝጊው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይጨርስ።»

እጄን መለስኩ።

«ይኼ ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት የተጫወትነው ነው» አሉ።

«ተኝተው ነበር'ኮ ያኔ...» አልኩና አፌን ያዝኩ። ማስተባበል ሲገባኝ መመስከሬ ነበር።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እንዳየሁት ዘሃራ እንዳትነግረው ብዬ። ደስ ይበለው ብሎ እዚያች ጥግ ላይ ቆሞ ተሸነፈልኝ። በዕድሜው አንድ ቀን ቢሸነፍልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ልጄን አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዲህ አያደርግም። በጤናው ቢሆን ያለፈ ጨዋታ አምጥታችሁ አታሳዩኝም ነበር።»

ምን ልበላቸው? ልናገር እንዳልል እኔ ተከራይ ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ባዕድ ነኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዝም እንዳልል ዝምታዬ ራሱ እየተናገረ ነው። እንባዬ ያለፈቃዴ ወረደ።

«አንቺ እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። «የምትነግሪኝ አንቺ አይደለሽም። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ።» መንኮራኩሯ እንደቆመች ናት፣ ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ ግን እየፈጠነ መጥቷል። «ለቀብሩ እደርሳለሁ?»

«ይደርሳሉ» አልኳቸው።

መርዶውን የነገርኩት በዚያች ቃል ነው።

ጋሽ ይማም ሁለቱንም እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መንኮራኩሯን ብቻ ያዩ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ «ኢና ሊላሂ» ሲሉ ሰማሁ፣ ሌላው አልተሰማኝም። ደረታቸውን አይ ነበር፣ አሁን ይወድቃሉ፣ አሁን ልቤን ይላሉ ብዬ። አላሉም። ጉዶቹ ወረዱ፣ አንዱ ጥይት በቀጥታ መጣና መንኮራኩሯን መታት። ጌሙ ያቺን አጭር ድምፁን አሰማ። ስክሪኑ ላይ «አሸናፊ ይማም» የሚል ወጣ።

ጋሽ ይማም በሻርፓቸው ፊታቸውን ጠረጉ፣ በደንብ ጠረጉ። ጉሮሯቸውን አጸዱና ወደ ኩሽናው ዞረው በትልቁ ተጣሩ።

«ዘሃራ! ነይ እዪ! ወንድምሽን አሸነፍኩት!»

ዘሃራ መጣች። ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

«ምን ሆነሻል?» አሏት።

«ደስ ብሎኝ ነው አባዬ።»

«ምናለ አሁን፣ አንድ ቀን ባሸንፍ!» አሉ። ቀጥሎ ስልክ የሚጠየቅበት ሰዓት ነበር። ዘሃራ ያዘጋጀችው ውሸት ነበራት፣ አፏን ከፈተች፣ ግን አልወጣላትም። ጋሽ ይማም ቀደሟት። «አይደውልም መሰለኝ ዛሬ። እዚያ ሰፈር ኔትወርክ ይጠፋል። ነገ እንነጋገራለን» አሉ። ልጃቸው ልትዋሻቸው ያሰበችውን ውሸት እሳቸው ዋሹላት።

ዘሃራ ሾርባውን ልታሞቅ ስትመለስ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እንዳታውቅ። ልፋቷ መና አይቅር፣ እሺ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሾርባውን ጠጡ፣ መድኃኒታቸውን ዋጡ። መግሪብ ሲሰግዱ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው በጣም ቆዩ። ዘሃራ በበሩ ሽንቁር አይታ «ዛሬስ ደክሞት ነው፣ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። አጎትየው፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሐኪሙ ዘመድ፣ ከኋላቸው ሴቶች በዝምታ ገቡ። ጋሽ ይማምን ሱብሂ ሰግደው፣ ለብሰው፣ ሳሎን ቁጭ ብለው አገኟቸው። ማንም ለምን ማልዶ ለበሰ ብሎ አልጠየቀም። አጎትየው ዙሪያ ጥምጥም ጀመረ፣ ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ አደራ፣ ሰጪም ወሳጅም እሱ ስለመሆኑ። ጋሽ ይማም ሳያቋርጡ ሰሙት። ባልሰማ ሰው አጠያየቅ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?» አሉ። ተነገራቸው። ያኔ ከወንበራቸው ተነስተው «ልጄን! ልጄን!» ብለው የጮኹት ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ታፍኖ ያደረ ነው። ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሐኪሙ እጃቸውን ይዞ ትርታቸውን ይቆጥር ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ተኝቶ ስላደረ ነው የቻለው» ተባባሉ።

ለቀብሩ ደረሱ። በእጃቸው አፈር መለሱ።

ከለቅሶው በኋላ ስለዚያ ቀን ያነሱብኝ አንዴ ብቻ ነው። በረንዳ ላይ ሆነው «አለ ያ ጨዋታ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አለ።»

«አታጥፊው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ግን አታሳዪኝ» አሉኝ።

አሁን ቤት ቀይሬ ሳሊተ ምሕረት ነው ያለሁት። ጨዋታዎቹ ከእኔ ጋር ናቸው። አንድ ቀን በራሴ ጨክኜ አንዱን ከፈትኩት። መንኮራኩሯ ያን ሰላምታዋን ስታደርግ ላፕቶፑን ከደንኩትና ከቤት ወጣሁ። ሰው ቤት ቁጭ ብዬ አመሸሁ፣ ብቻዬን መግባት ፈርቼ። አንባቢዎቼ፣ እኔ መንፈስ ምናምን የምፈራ ሰው አልነበርኩም። ያ ልጅ ግን እኔ በጻፍኩት ውስጥ አለ። ሲጠሩት ይመጣል፣ አንድም ቀን አዲስ ነገር አያደርግም። ይህን ለማንም አልመኝም።

ዘሃራ እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች። እንግዳ ባለበት ሁሉ «አባቴ ያቺን የመጨረሻ ቀን ደስ ብሎት ያደረው በጸጋ ነው» ትላለች። እኔ አንገቴን እሰብራለሁ። ጋሽ ይማምም አብረው ተቀምጠው ካሉ «እውነት ነው» ይላሉ። ይህን ጽሑፍ አንብባ ራሷን ካወቀች እሷንም አባቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ተሸክሜው መኖር ስላቃተኝ ነው።

እኔ መርዶ የሚደበቅ ከአንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። ሌላው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም፣ በቃ። አሁን ግን ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር ባለ ሐዘኑን አያለሁ፣ መቼ ነው ያወቅኸው እላለሁ በልቤ። እናንተም እስኪ አስታውሱ። ያረዳችኋቸው ሰዎች በእርግጥ ከእናንተ ነው የሰሙት?

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ሳይደውል ቦሌ ቢሮዬ ድረስ መጣ። መኪና ተከራይቶ ነበር። «እማ ትንሽ አሟታል፣ አንቺን ማየት ፈልጋለች» አለኝ። ወንድሜ ሠራተኛ ነው፣ በሥራ ቀን መኪና ተከራይቶ አያውቅም። ሸሚዙ ተገልብጦ ነበር የተቆለፈው። ገባኝ። ቦርሳዬን ይዤ «ጉንፋኗ ነው አይደል?» አልኩት። «አዎ፣ ያው ጉንፋኗ ነው» አለ፣ ትከሻው ሲላላ አየሁ።

ወደ ሆሳዕና ስንሄድ መንገዱን ሙሉ የልጅነታችንን ቀልድ እያነሳ አጫወተኝ። ቡታጅራ ላይ ምሳ ብዪ አለኝ፣ በላሁ። እሱ ግን አልበላም፣ እንዳላየ ሆንኩ። ከቡታጅራ ስንወጣ «ስንደርስ እማ ምን የምትለን ይመስልሻል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ዘገያችሁ ትለናለች» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። እንዲህ እየተሳሳቅን ሄድን፣ ደጃችን ላይ የተተከለው ድንኳን እስኪታየን ድረስ።